ጠጋ በሉ እንጂ!

እኛ እንግሊዝኛን የጀመርነው በምላሳችን ሳይሆን በጉልበታችን ነው። መምህሩ የክፍሉን በር ገፋ ሲያደርግ የክፍል አለቃው «ስታንድ አፕ!» ይላል፤ ብድግ። «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር» በዜማ ይባልና «ሲት ዳውን!» ሲመጣ ቁጭ። ኤ ቢ ሲ ዲ ገና ኤፍ ሳትደርስ እነዚህን ሁለት ግሦች ጉልበት በቃሉ ይዟቸዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛን ወደ 1ኛ ክፍል ካወረደው ወዲህ ደግሞ የሰባት ዓመት ልጅ ሁሉ መነሣትና መቀመጥን በባዕድ ቋንቋ ይችላል።

በመነሣትና በመቀመጥ መካከል ያለውን፣ ኑሯችን የተንጠለጠለበትን ሦስተኛውን ግሥ ግን በእንግሊዝኛ ያስተማረን የለም። ጠጋ ማለትን።

ሦስት ተማሪ የያዘ ዴስክ ላይ አራተኛ ሲመጣ፣ በክፍለ ጊዜው አማርኛ የተናገረን ሁሉ ስም እያስጻፈ የሚቀጣው መምህር ራሱ «እስቲ ጠጋ በሉለት» ይላል። ሐይቅ ከተማ እንግሊዝኛ የሚያስተምር አንድ ወዳጄን ለምን በእንግሊዝኛው እንደማይለው ጠየቅሁት።

«አንድ ቀን 'ሙቭ' አልኳቸው» አለኝ። «ግማሾቹ ተነሥተው ቆሙ። ግማሾቹ ወደ ሰሌዳው መጡ። አንዱ ግን ደብተሩን ሰብስቦ ወጣ፤ በዚያው ቀረ።»

በልጁ አልፈርድም። እንግሊዞች ቤት ሲቀይሩም ሙቭ ነው፣ በቼዝ ፈረስ ሲያስነሡም ሙቭ ነው፣ ስብሰባ ላይ ሐሳብ ሲያቀርቡም ሙቭ ነው፣ ፊልም እያዩ እንባ ሲተናነቃቸውም ሙቭ ነው። ይህን ሁሉ የተሸከመ ግሥ ለአንድ ዴስክ ይበዛል። ጠጋ ማለት ግን ልክ አለው፤ ከጣት ይበልጣል፣ ከስንዝር ያንሳል። ወንበር አያስለቅቅም። አቅጣጫውም የታወቀ ነው፤ ወይ ወደ ሰው ወይ ወደ ግድግዳ፣ እንደ ዕድል።

ይህን ግሥ ከነእርባታው ማጥናት የፈለገ ሰው ደሴ መናኸሪያ ሄዶ ሐይቅ የሚወርድ ሚኒባስ ይሳፈር። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደሴ ብርድ ወደ ሐይቅ ሙቀት እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይሄዳል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ሐይቅ ሐይቅ! ሐይቅ ሐይቅ!» ይላል። ከተማዋም ሐይቅ፣ ውኃውም ሐይቅ ስለሆነ የቱን እየጠራ እንደሆነ ለእንግዳ ሰው አይገባውም። ሁለቱንም መጥራቱ ነው ብላችሁ ያዙት።

መኪናው ሲሞላ «ሞላ» አይባልም፤ «አንድ ሰው ቀረን» ነው የሚባለው። ያ አንድ ሰው ይመጣል፣ ይገባል፤ አሁንም የቀረን አንድ ሰው ነው። ለሦስት የተሠራው ወንበር አራት ይይዛል፤ ከሹፌሩ ጀርባ ፊታቸውን ወደ ኋላ ያዞሩ ይደረደራሉ፤ በወንበሮቹ መካከል ባለችው መተላለፊያ ጣውላ ይጋደማል። ጣውላው ላይ የሚቀመጠውም ሙሉ ሒሳብ ይከፍላል። ሰው ጠጋ ሲል እንጂ ታሪፍ ጠጋ ሲል አላየሁም።

የሰው ጠባይ የሚወጣው እንግዲህ «ጠጋ በሉ» ሲባል ነው። አንዱ ትከሻውን ብቻ ያነቃንቃል፤ ከወገቡ በታች ግን ወንበሩ ላይ የተበየደ ነው። ሌላው «እህህህ» ብሎ በረጅሙ ይተነፍሳል፤ ከሳምባው የወጣው አየር የያዘውን ያህል ቦታ እንደለቀቀ ይቆጥረዋል። በበሩ በኩል ጫፉን የያዘው ደግሞ መጠጋት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ጉልበቱን ወደ ጎን አዙሮ «እለፍ እለፍ፣ እኔ ቅርብ ነው የምወርደው» እያለ አዲስ መጪውን ሁሉ ወደ መሐል ያስገባል። ቅርብ ያለው የመጨረሻዋን ፌርማታ ነው። ዋናው ባለሙያ ግን ራሱ ሳይነቃነቅ ጎረቤቱን «አንተ ወንድሜ፣ ጠጋ በልላቸው እንጂ!» ብሎ የሚቆጣው ነው። ለደከሙ እናት ማዘኑ ደግሞ እውነት ነው፤ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። የጎደለችው ያቺ አንዲት ስንዝር ብቻ ናት።

አንድ ጊዜ ፂማቸው የሸበተ ሐጂ ከአንዲት ኮረዳ ተማሪ አጠገብ ተቀምጠዋል። ረዳቱ ደጋግሞ ሲለምናቸው ቆይቶ፣ «ሐጂ፣ በሞቴ፣ ትንሽ ብቻ ጠጋ ይበሉልኝ» አላቸው።

«አንተ ልጅ» አሉት፣ «ከዚህ ወዲያ ከተጠጋሁማ ኒካሕ አስረህ ነው የምታወርደን!»

መኪናው በሳቅ ተናጋ። በሳቁ መሐል ከየት እንደመጣ እንጃ ክፍተት ተፈጠረና ያ አንድ ሰው ገባ። ረዳቱ ሲለምን የቆየውን አንዳንዴ ኩርባው በነጻ ይፈጽምለታል፤ መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ የቀኙ ሁሉ ይጠጋጋል፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የግራው።

ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲታይ ደግሞ ትእዛዙ ይለወጣል። «ጎንበስ በሉ!» ስንዝር ለመጠጋት ሲነታረክ የነበረው ሰው ሁሉ በአንድ አፍታ ከጣውላው ወርዶ ይንበረከካል። ነጋዴው፣ ተማሪው፣ ጧት ስብሰባ ሲመራ ያረፈደው ኃላፊ ሳይቀር አንገቱን ይቀብራል። ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ቀና ብሎ፣ በጥሩ ሥነ ምግባር ሰላምታ ይሰጣል። ትርፍ የጫነው እሱ፤ የሚደበቀው ግን ሒሳቡን የከፈለው ተሳፋሪ። ይህን ነገር ደጋግሜ አስቤበት አልገባኝም፤ ጎንበስ ብዬ ስለማስበው ይሆናል።

ሐይቅ በመቀመጫ ጉዳይ እንዲህ ብትቸገር አይገርምም፤ አፈ ታሪኳም የሚጀምረው ከመቀመጫ ነው። ሽማግሌዎች እንደሚያወሩት ሐይቁ ያለበት ቦታ ዱሮ ደረቅ መሬት ነበር። አንዲት ልዕልት በአንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ግፍ ዋለችባት። አምላክ ተቆጣና ምድሩን ሁሉ ውኃ አደረገው፤ ልዕልቲቱም ዘመድ ወዳጇም ሰጠሙ። ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ከውኃው ተረፈች። የእስጢፋኖስ ገዳም ኋላ የተተከለባት ደሴት ያቺ ናት። ልብ በሉ፤ ሴትዮዋ የዳነችው ሮጣ አይደለም፣ ጠጋ ብላም አይደለም፣ ከተቀመጠችበት ንቅንቅ ባለማለቷ ነው። በበሩ በኩል ጫፉን የሚይዙት ተሳፋሪዎች ይህን ታሪክ ጠንቅቀው የሚያውቁት ይመስለኛል።

ደሴቲቱ ራሷ ግን ውላ አድራ ጠጋ ብላለች። የኢማም አሕመድን ዘመቻ የሚተርከው ፉቱሕ አል ሐበሻ ሠራዊቱ በ1524 ዓ.ም. ገደማ እዚህ ሲደርስ ወደ ገዳሙ ለመግባት የውኃ መሻገሪያ ማሠራት እንዳስፈለገው ይናገራል። ዛሬ ውኃው ሸሽቶ ደሴቲቱ ከየብሱ ጋር ገጥማለች፤ ሰው በእግሩ ይገባል። ወንድ ከሆነ ማለቴ ነው። ሴት ከበሩ ወዲህ ትቀራለች። «ለሴት ሲባል ከውኃ የተረፈ መሬት እንዴት ለሴት ይከለከላል?» ብለው አንዲት እናት ጠይቀውኝ መልስ ስላጣሁ ስለ ዓሣ ማውራት ጀመርኩ።

በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ መጥተው ገዳሙን ትልቅ የትምህርት ቦታ ሲያደርጉት፣ ከተጠጓቸው ደቀ መዛሙርት አንዱ ከሸዋ የመጡት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። እኒህ አባት ወደ ሸዋ ተመልሰው አንድ እግራቸው እስኪሰበር ቆመው እንደጸለዩ ገድላቸው ይተርካል። በእሳቸው አልቀልድም። ግን አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ «እግሬ ደነዘዘ፣ አውርዱኝ!» የሚል ጎረምሳ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይሉኛል።

የዚሁ ገዳም አበምኔቶች በቤተ መንግሥት ዓቃቤ ሰዓት የሚባል ማዕረግ ነበራቸው፤ ከንጉሡ አጠገብ ከማይጠፉት ታላላቆች አንዱ የሐይቁ አበምኔት ነበር። ወደ ንጉሡ ጠጋ ማለት የፈለገ አስቀድሞ ወደ ዓቃቤ ሰዓቱ ጠጋ ማለት ነበረበት ብል የሚቆጣኝ የታሪክ ሰው ያለ አይመስለኝም። ይህኛው ጠጋ ማለት ዛሬም ሥራ ላይ ነው። ፋይልህ ቆሞብሃል። በመስኮቱ ስትጠይቅ «ነገ ተመለስ» ተብለሃል። ነገም ነገ ሆኗል። ያን ጊዜ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው በጆሮህ «ጠጋ ብለህ አናግረው» ይልሃል። ዞረህ በጠረጴዛው በኩል ጠጋ ስትል ድምፁ ይለሰልሳል፣ ወንበር ይሳብልሃል፣ ጠፍቶ የነበረው ማኅተም ከመሳቢያው ውስጥ ይገኛል። ከመስኮቱ እስከ ጠረጴዛው ያለው ርቀት አንድ እርምጃ ነው፤ ሰው ግን ሦስት ወር ይመላለስበታል።

የዚህ ግሥ ልጆች ጠባያቸው አለመመሳሰሉ ሁልጊዜ ያስቀኛል። መጠጊያ ይባላል፤ ለፈጣሪ የምንሰጠው ስም ነው። ጥገኛ ይባላል፤ ሐኪም ኪኒን የሚያዝለት የሆድ ትል ነው። ጥገኝነት ይባላል፤ የወሎ ልጅ በረሃና ባሕር አቋርጦ አውሮፓ ሲደርስ የሚጠይቀው ነው። እናቱን «ልጅዎ እዚያ ምን ይሠራል?» ብትሏቸው ጥገኝነት እየጠየቀ ነው ማለት ቃሉ ከአፋቸው አይወጣም። «ወረቀት እየጠበቀ ነው» ይላሉ። ልጁም ደውሎ ያለው እንደዚያው ነው።

በመንግሥት ደረጃ ጠጋ ማለትን ደግሞ አምባሰል ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ከሐይቅ ወደ ሰሜን በዚያው አውራ ጎዳና ላይ የአምባሰሏ ውጫሌ አለች። ጣልያን በ1877 ዓ.ም. ምጽዋን ያዘና ጠጋ አለ፤ ከዚያ ወደ ደጋው ጠጋ ጠጋ ሲል ቆይቶ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ ውል ተፈረመ። አንቀጽ 17 በአማርኛው፣ ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። በጣልያንኛው ግን ግዴታቸው ሆኖ ተገኘ። ነገሩ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ እስኪለይ ድረስ የዚያች ግሥ መዘዝ ስንቱን ሰው በላ። የሚኒባሱን ረዳት ስሰማው ያ ውል ይታወሰኛል፤ «ከቻላችሁ ትንሽ ጠጋ በሉ» ሲል የሚናገረው በአማርኛ ነው፣ የሚያስበው በጣልያንኛ።

ለቅሶ ቤት ግሡ ሌላ ጠባይ ያመጣል። ትልቅ ሰው ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ «ኖር!» ብሎ ብድግ ይላል፤ ገቢውም «በእግዜር! አይነሡ፣ በሞቴ አይነሡ» ይላል። «ወደ ላይ ይዝለቁ» ይባላል። «እዚሁ ይበቃኛል» ይላል። ትግሉ የሚያልቀው መሐል ላይ በሚገኝ ስምምነት ነው፤ ከዚያም አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ከዳር እስከ ዳር ስንዝር ስንዝር ይንሸራተታል። ሁሉም ጠጋ ብሎ፣ ሁሉም አክብሮቱን አሳይቶ ሲያበቃ ወዲያኛው ጫፍ ላይ የነበረው ጎረምሳ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ይገኛል። እሱን «ኖር» የሚለው የለም። ዕድሜ ሲጨምር ወደ መሐል ይመጣል፤ ሁላችንም የጀመርነው ከዚያ ጫፍ ነው።

መስጂድ ውስጥ ደግሞ «ሶፍ አስተካክሉ» ሲባል ትከሻ ከትከሻ ይገጥማል፤ በመካከል ክፍት ቦታ አይተውም። የሚያጉረመርም የለም፣ የሚተነፍስ የለም፣ «ቅርብ ነው የምወርደው» የሚል የለም። ሚኒባሱ ውስጥ ትከሻውን ብቻ ያነቃነቀው ሰውዬ እዚህ ማንም ሳይነግረው ይጠጋል። መጠጋቱን ሳይችለው ቀርቶ እንዳልነበር ያወቅሁት እዚያ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት የሰሜን ወሎን ሰው ሲያፈናቅለው ሕዝቡ ቁልቁል ወደ ሐይቅና ወደ ደሴ ጎረፈ። የደሴ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ፤ ቤት ያለውም ዘመድ ይሁን አይሁን ሳይጠይቅ በሩን ከፈተ። ባለ አንድ ክፍሉ ቤት ሦስት ቤተሰብ ሲያድርበት «ጠጋ በሉ» እያለ በር ላይ የሚጮህ ረዳት አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ተራው የሐይቅና የደሴ ሰው ሆነ፤ ያስጠጋውም ከተጠጋው ጋር አብሮ ወደ ደብረ ብርሃን ወረደ። ይህን ዘመን ያየ ሰው አንድ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኖ መቀመጥን እንደ ትልቅ በደል ሲያወራ ስሰማ ግርም ይለኛል። እኔም ግን አወራዋለሁ።

ተጠግቶ ስለመኖር ከተነሣ የከተማዋን ዝነኛ ምግብ መርሳት አይገባም። ዛሬ በሐይቁ ዳር ተጠብሶ፣ ከሚጥሚጣ ጋር የሚቀርበው ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ የሐይቁ ተወላጅ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጨመረ ነው። እንግዳ ሆኖ ገባ፣ ተመቸው፣ ተራባ፤ አሁን «የሐይቅ ዓሣ» ስንል የምንለው እሱን ነው። ዓሣ ቤቱ ውስጥ ሰው ሲበዛ የማያውቁት ሰው ጠረጴዛ ላይ «ጠጋ በሉልኝ» ብሎ መቀላቀል ነውር አይደለም፤ አጥንቱን ወዴት እንደሚያስቀምጥ ብቻ መጠንቀቅ ነው።

ሐይቅ ለመምጣት ያሰባችሁ እንግዲህ ምክሬን ስሙ። ረዳቱ «አንድ ሰው ቀረን» ሲላችሁ አትመኑት። ቦርሳችሁን ጉልበታችሁ ላይ አድርጉ፤ ወንበር ላይ ያስቀመጣችሁት እንደሆነ ሒሳብ ይጠየቅበታል። ከእናንተ በዕድሜ ለሚበልጥ ሳትጠየቁ ጠጋ በሉ። ጣውላ ሲጋደም ካያችሁ ግን ውረዱና የሚቀጥለውን መኪና ጠብቁ፤ ኩርባው ከባድ ነው፣ ጎንበስ ማለትም ወገብ ያማል። ምሳ ያልፈናል ብላችሁ ደግሞ አትቸኩሉ፤ ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም፣ ቆሮሶው የትም አይሄድም።